የዘጌ ጫካ የቆመው በቡና ነው

ማለዳ የሐይቁን ዳር ይዞ ለሚራመድ የባህር ዳር ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። የደንገል ታንኳ ከሩቅ ብቅ ይላል። ቀዛፊው ከኋላ ነው። ከፊቱ እንጨት ተከምሯል። ታንኳው ከክብደቱ የተነሳ ለመስጠም ትንሽ የቀረው ይመስላል። ዳር ሲደርስ እንጨቱ ይራገፋል፣ ይከፋፈላል፣ ይሸጣል። ማታ የእኛው ምጣድ ስር ይነዳል።

እኔም ለዓመታት አይቼ አልፌዋለሁ። ይህ እንጨት ከየት ይመጣል ብዬ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። ከሚመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ዘጌ ነው። ያው እንግዳ ሲመጣብን በኩራት ይዘን የምንሄድበት ዘጌ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ አንድ ጫካ ነው። እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ? ምን እያሳሳው ነው? ቱሪዝም ያድነዋል የሚባለውስ ምን ያህል ያስኬዳል? ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ጫካውን ሁለት ነገሮች አቆይተውታል፤ ቃል ኪዳንና ቡና። ቃል ኪዳኑ ዛሬም አለ። ቡናው ግን ደክሟል። ቡናው ቤተሰቡን ማብላት ሲያቅተው ዛፉ ታንኳ ላይ ይወጣል።

ሳይታረስ የኖረ መሬት

ዘጌ ከደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ተነስቶ ወደ ጣና የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከባህር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በመኪናም ዞሮ ይገባል። አፋፍ የምትባል ትንሽ ከተማ አለችው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቤትም፣ መንገድም፣ ገዳምም ዛፍ ስር ነው።

ስለ ጫካው ለማውራት ስለ ገዳማቱ ማውራት ግድ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ። የዘጌ ሰው ታሪኩን የሚጀምረው ከአቡነ በትረ ማርያም ነው። ትውፊቱ እንዲህ ይላል። ጻድቁ ለቦታው ቃል ኪዳን ተቀበሉ። ሕዝቡ በሬ ጠምዶ ሳያርስ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይኖራል ተባለ። ስለዚህ ዘጌ ላይ ማረስ ቃል ማፍረስ ነው።

የማያምን ሰው ይህን ሰምቶ ሊያልፈው ይችላል። ውጤቱን ግን በዓይኑ ያየዋል። ጎጃምንና ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ላይ ያየ ሰው ያውቀዋል። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ማሳ ነው። በማሳው መሃል እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ቅጥሩ ካለቀበት ሞፈሩ ይጀምራል። ዘጌ ላይ ግን ክልከላው ቅጥሩን አልፎ ሄደ። ባሕረ ገብ መሬቱን በሙሉ ሸፈነው። ሰው ከነቤቱ፣ ከነልጆቹ ደኑ ውስጥ ሆኖ ኖረ። ሰውን አስወጥቶ ደን ማቆየት ብዙ ቦታ ተሞክሯል። እዚህ ሰውም ዛፉም አብረው ነው የቆዩት። ዘጌን በጣም የምወደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ማረስ ከቀረ እህልም ቀረ ማለት ነው። ጤፉም፣ ዳጉሳውም፣ በቆሎውም በግዢ ይገባል። ቡናና ጌሾ ይሸጣል፣ በገንዘቡ እህል ይሸመታል። ይህን ልብ በሉልኝ። ሌላው የጎጃም ገበሬ ጤፍ ሲወደድ ቢያንስ ከማሳው የሚቀምሰው አለው። የዘጌ ሰው የለውም። የጤፍ ዋጋ ሲወጣ እንደ ከተማ ሰው ይመታል። የቡና ዋጋ ሲወርድ ደግሞ እንደ ገበሬ ይመታል።

ስለ ዘጌ ስናወራ የምንዘለው ታሪክም አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚህ ቡና የለማው በባሪያ ጉልበት ጭምር ነው። ተሸጠው የመጡ ሰዎች ይህን ቡና አርመዋል፣ ለቅመዋል። ስማቸው የትም የለም። ጫካው የገዳማውያን ጸሎት ብቻ ሳይሆን የእነሱም ላብ አለበት። አስጎብኚ ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም፤ ቢነገር ደስ ይለኛል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ታወጀ። መፈክሩ «መሬት ላራሹ» ነበር። ዘጌ ላይ ግን የሚያርስ ሰው አልነበረም። ቡና የሚንከባከብ ሰው ነበር። አዋጁ የመሬቱን ባለቤትነት ቀየረ። ያለማረሱን ቃል ግን አልነካውም። መንግሥታት ተቀያየሩ፣ በሬ አልገባም።

ጫካው ውስጥ ምን አለ?

ጫካው ባለ ፎቅ ነው። ከላይ ትልልቆቹ አሉ። ዋርካ፣ ሾላ፣ እሸ፣ ዋንዛ፣ ሰሳ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ብርብራው ይመጣል። ከስር ቡና ነው። በቡናው መሃልና ዳር ጌሾ፣ ሎሚ። መንገዱ ላይ ቆማችሁ ሽቅብ ብታዩ ሰማዩ የሚታያችሁ በቁርጥራጭ ነው።

ቡና በተፈጥሮው ጥላ ይወዳል። ስለዚህ የጥላውን ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ቡናውንም እየጎዳ ነው። ብርብራ ደግሞ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ስሩ ከአየር ናይትሮጅን ይዞ ለአፈሩ ይሰጣል። ቅጠሉ ረግፎ ብስባሽ ይሆናል። የዘጌ ቡና ማዳበሪያ ይኸው ነው። ዛፍ ሲወድቅ ጥላም ማዳበሪያም አብሮ ይወድቃል። አፈሩን የያዘው ስር ሲበሰብስ ደግሞ ዳገቱ በክረምት ወደ ሐይቁ መታጠብ ይጀምራል።

ስለ ብርብራ አንድ ነገር ልጨምር። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን አሳ ያደነዝዛል። በጣና ገባሮች ላይ በዚህ መንገድ አሳ ማጥመድ የቆየ ነገር ነው። ጣና ውስጥ ከ15 በላይ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ ሌላ አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ርብና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት ብርብራ የሚበትን ሰው የሚገድለው የዛሬውን አሳ ብቻ አይደለም። የከርሞውንም ነው።

ወደ ጫካው ልመለስ። ጦጣዎቹን ማንም ያያቸዋል፤ እነሱ ራሳቸው ሰው ሊያዩ ይመጣሉ። ዳር ዳሩን አርጃኖ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። አሳ በሊታው ንስር ከሐይቁ ዳር ዛፍ ላይ ይጮሃል። እኔን ዘጌ ድረስ የሚጠራኝ ግን ሌላ ወፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሆርንቢል ይሉታል። ትልቅ ነው፤ ጥቁርና ነጭ። መንቁሩ ላይ ሌላ መንቁር የተደረበበት ይመስላል። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከማየታችሁ በፊት ይሰማችኋል።

የዚህ ወፍ አወላለድ ይገርመኛል። ሴቷ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ ያረጀ ዛፍ ዋሻ ውስጥ ትገባለች። በሩ በጭቃ ይደፈናል። ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። ወንዱ ሾላውንና ሌላውን ፍሬ እየለቀመ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ይህ ለወራት ይቀጥላል። ወንዱ አንድ ነገር ቢሆን ውስጥ ያሉት ተርበው ሊያልቁ ይችላሉ።

አሁን ይህን ከእንጨቱ ጋር አያይዙት። ዋሻ የሚኖረው ያረጀ ዛፍ ላይ ነው። ለማገዶ ደግሞ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ያው ያረጀው፣ ግማሹ የደረቀው ዛፍ ነው። ሰው «ይህ እኮ ሞቷል» ብሎ ይቆርጠዋል። ለወፉ ግን ቤት ማለት እሱ ነበር። በምትኩ 10 ችግኝ መትከል ጥሩ ነው። ዋሻ እስኪያወጡ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም። ስለ ችግኝ ቁጥር ሲወራ ስንት አሮጌ ዛፍ ቆሞ ቀረ የሚለውም አብሮ ቢቆጠር ምኞቴ ነው።

ያረጀ ቡና

ከኡራ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ግቢ ቡና እየጠጣሁ ነበር። የግቢው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ጀንፈሉ መሬት ላይ ተሰጥቷል። ዘጌ ላይ ቀዩ እሸት ቡና ከነገለባው ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ያ ነው ጀንፈል የሚባለው። ግንዶቹን ቀና ብዬ አየሁ። ቀጫጭን ናቸው፣ ረጃጅም ናቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደጋግፏል። ፍሬው ያለው ከላይ ጫፉ ላይ ነው።

«አባቴ፣ ይህ ቡና አላረጀም?» አልኳቸው።

«አርጅቷል እንጂ። እኔ ተወልጄ አግኝቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይጎነድሉትም?»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ልጄ፣ የጎነደልሁት እስኪያፈራ ማን ያበላኛል?» አሉኝ።

ጉንደላ ማለት ያረጀውን ቡና ከስሩ ከፍ አድርጎ መቁረጥ ነው። ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። ቡናው ወጣት ይሆናል። የግብርና ባለሙያ ሁሉ ይህን ይመክራል፤ ትክክልም ነው። ግን የተጎነደለው ቡና እንደገና ደህና ምርት እስኪሰጥ ሁለት ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ማሳ ላለው ገበሬ ሁለት ዓመት ይቻላል። እህል ሁሉ በገንዘብ ለሚገዛ ቤት ግን ሁለት ዓመት ረሃብ ነው።

ለእኔ የጉዳዩ ዋና ቋጠሮ እዚህ ነው። ቡናው አርጅቷል፤ ምርቱ ይቀንሳል። ቦታው በውርስ ለልጆች ይከፋፈላል፤ ድርሻው ይጠባል። ጤፉ ይወደዳል። በዚህ መሃል ባህር ዳር የሚባል ከተማ በየዓመቱ ይሰፋል፣ እንጨትም በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። እንጨት ደግሞ ወቅት አይጠብቅም። ቡና በዓመት አንዴ ነው፤ እንጨት ማክሰኞም ሐሙስም ይሸጣል። የታመመ ልጅ ያለበት ሰው የቡና ለቀማ እስኪደርስ ይጠብቅ አይባልም።

«ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» የሚባለውን መስማት የሰለቸኝ ለዚህ ነው። የዘጌ ሰው ስለ ዛፍ ግንዛቤ አጥቶ አያውቅም። ከማንኛችንም በፊት የተገነዘበው እሱ ነው።

ጎብኚውስ ምን ያመጣል?

በሰኔ 2007 ዓ.ም. የጣና ሐይቅ አካባቢ በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዘገበ። ስፋቱ 695,885 ሄክታር ነው። ከዚህ ውስጥ ጥብቅ ጥበቃ የሚደረግለት ዋናው ክፍል 22,841 ሄክታር ነው። ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ለምዝገባው ብዙ ደግፏል። ባዮስፌር ሪዘርቭ ከብሔራዊ ፓርክ ይለያል። ሰውን አውጥቶ አጥር አያጥርም። ማሳውም፣ አሳ አስጋሪውም፣ ከተማውም አብሮ ይቆጠራል። ሐሳቡ ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው ይቆይ የሚል ነው። ዘጌ ይህን ስም ሳያውቀው ሲኖረው ቆይቷል።

ከጣና በፊት ከፋና ያዩ በ2002 ዓ.ም.፣ ሸካ በ2004 ዓ.ም. ተመዝግበዋል። ከፋና ያዩ ሲነሱ ቀድሞ የሚመጣው ቡና ነው፤ የጫካ ቡና። ጣና ሲነሳ ግን ገዳማቱና ሐይቁ ይቀድማሉ። አይፈረድም፤ ድንቅ ናቸው። ዘጌን የሚያህል የቡና ጫካ ግን ከበስተጀርባ ቀረ።

ይህ በጎብኚው መንገድ ላይም ይታያል። ጀልባው ከባህር ዳር ይነሳል። ዘጌ ወደብ ይደርሳል። እንግዳው ወርዶ በጫካው መሃል ባለው የድንጋይ መንገድ ሽቅብ ይራመዳል። ግራና ቀኙ ትንንሽ ታንኳ፣ መስቀልና ሥዕል የሚሸጡ ልጆች ናቸው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል፣ የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉትን ሥዕሎች ያያል፣ ይደነቃል። ተመልሶ ጀልባው ላይ ይወጣል። ለጀልባው ከፈለ፣ ለገዳሙ ከፈለ፣ ለአስጎብኚው ከፈለ። በጥላው ስር ሲራመድበት ለቆየው ጫካ ግን ምንም አልከፈለም። ዛፉን ሳይቆርጥ ያቆየው ባለ ቡና ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ወይ ልጁ ታንኳ ከሸጠ ነው፣ ወይ ሚስቱ መንገድ ዳር ቡና ካፈላች ነው።

ይህን ስል ገዳማቱ ገንዘብ አያግኙ ማለቴ አይደለም። ክልከላውን ያስከበሩት እነሱ ናቸው። የጀልባ ሰዎችም ይኑሩ። የምለው አንድ ነገር ነው። ጎብኚ ሲበዛ ጫካው ይጠበቃል የሚለው ሐሳብ የሚሠራው ገንዘቡ መጥረቢያ የያዘው እጅ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። በአሁኑ መንገድ አልገባም።

በዚያ ላይ ጎብኚ ራሱ የሚታመን ገቢ አልሆነም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንግዳ ሲጠፋ ጀልባዎቹ ዳር ታስረው ቆሙ። ታንኳ የሚሸጠው ልጅ ቤት ዋለ። የእንጀራ ምጣድ ግን አንድም ቀን አላረፈም። ባህር ዳር ሲከፋት እንጨት ይበልጥ ትፈልጋለች እንጂ አትተውም።

እምቦጩም መጥቷል። ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ የጣና ወሬ ሁሉ እምቦጭ ሆነ። ተገቢ ነው፤ ሐይቁ ታሟል። ግን ዓይናችን ውሃው ላይ ሲተከል ዳገቱ ላይ ያለው ጫካ ተረሳ።

ቢሆን የምለው

የመጀመሪያው ለቡናው ስም መስጠት ነው። ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት በውጭ አገር አስመዝግባለች። የዘጌ ቡና ግን ባህር ዳር ገበያ ላይ እንኳ ከሌላው ተደባልቆ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ያልታረሰ መሬት ላይ፣ በገዳም ጥላ ስር የበቀለ ቡና ነው። ይህ ታሪክ ያለው ቡና ተለይቶ፣ ተቆልቶ፣ በከረጢት ታሽጎ የባህር ዳር ሆቴል ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ እንግዳ አይገዛውም? እኔ ይገዛዋል ባይ ነኝ። እንግዳ ባይኖርም እኛ እንገዛዋለን።

ሁለተኛው የጉንደላውን ዓመታት መሙላት ነው። ቤተሰቡ ቡናውን በአንዴ አይቁረጥ። ሦስት ቦታ ከፍሎ ተራ በተራ ይጎንድል። በየዓመቱ ለሚጎነደለው ክፍል ገቢው የሚጎድለውን ያህል ከጎብኚው ክፍያ ቢሸፈን ጥሩ ነበር። ከእያንዳንዱ የጀልባ ጉዞ ትንሽ ተቀንሶ ለዚህ ቢውል፣ ጎብኚው በጫካው ሲያልፍ ለጫካው ከፈለ ማለት ነው። ጎብኚ በሌለበት ዓመትም የተጎነደለው ቡና ማደጉን አያቆምም። ከቱሪዝም ገንዘብ ሳይጠፋ ሊቆይ የሚችለው ይህ ነው።

ጉብኝቱም ከቤተ ክርስቲያኑ በር አልፎ ይሂድ። ክረምቱ አልፎ ቡናው ሲቀላ እንግዳው ከባለ ግቢው ጋር ይልቀም። ያንን ባለ ትልቅ መንቁር ወፍ ይጠብቅ። ዋሻ ያለው ዛፍ በቆመበት ግቢ ክፍያው ለዚያ ግቢ ባለቤት ይሁን። ያኔ ያ ግማሹ የደረቀ ዛፍ ለማገዶ ከሚያወጣው በላይ ቆሞ ያወጣል።

የቀረው የእኛ የባህር ዳሮች ነው። በሦስት ጉልቻ የሚጋግር ቤት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢጠቀም እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ይህን የምለው ራሴን ጨምሬ ነው። እኛ ቤትም ለረጅም ጊዜ የተጋገረው በጉልቻ ነበር፤ እንጨቱንም ከዚያው ከሐይቁ ዳር ነበር የምንገዛው። አሁን ምድጃ ገዝተናል።

በቀደም እንደገና ዘጌ ሄጄ ነበር። ሽማግሌውን ግቢያቸው አገኘኋቸው። ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። ከጌሾው አጠገብ 20 የሚሆኑ የቡና ጉቶዎች አሉ። ጎንድለዋቸዋል። ከእያንዳንዱ ጉቶ ሁለት ሦስት ቀንበጥ ወጥቷል፤ ቅጠሉ ያብረቀርቃል። «የቀረውን እነዚህ ሲያፈሩ» አሉኝ። ከበላያቸው የቆመውን ብርብራ አልነኩትም። አንድ ኪሎ ጀንፈል ገዝቼ ወደ ወደቡ ወረድኩ።